የአባቴ የመጨረሻ ሎጋሪዝም

ጁባ ውስጥ፣ ከአርባ ተማሪ አንድም አማርኛ በማይሰማበት ክፍል፣ አባቴ አንድ ሰኞ ጠዋት ሎጋሪዝምን በአማርኛ ማስተማር ጀመረ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሲቆይ ግን የክፍሉ አለቃ፣ ቀጠን ያለች ልጅ፣ ቢሮዬ ድረስ መጥታ በሩን አንኳኳችና "ኡስታዝ በሐበሻ ቋንቋ እያወራ ነው፤ ደብተራችን ላይ ምን እንጻፍ?" አለችኝ።

እኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነኝ። የኡስታዙም ልጅ ነኝ፤ እዚህ መምህርን ኡስታዝ ነው የሚሉት። ከጠረጴዛው ሥር ያወለቅኩትን ጫማ በቅጡ ሳላጠልቅ ሮጥኩ። በመስኮት ሳይ አባቴ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ይጽፋል። ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ አንዲት ነጥብ አልጎደለችም። አፉ ብቻ ሌላ አገር ነው። "መደመር ይባዛል! መቀነስ ይካፈላል! ፓወር ፊት ይወጣል!" እያለ በጠመኔው ሰሌዳውን ይመታል። ከዚያ ዞር ብሎ "አብራችሁ በሉ እንጂ! ቁርስ አልበላችሁም እንዴ?" አላቸው። ማንም አላለም። እኔ ብቻ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ በከንፈሬ አብሬው አልኩ። ምን ላድርግ፣ በልጅነቴ እንደ ጸሎት ነው ያስጠናኝ።

አባቴን ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ ደቡብ ሱዳናውያን ነን፤ ያደግኩት ግን ኢትዮጵያ፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። አባቴ እዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምሯል። አንድ ክፍል ውስጥ የአራትና የአምስት ቋንቋ ልጅ ይቀመጣል፤ የመጽሐፉ እንግሊዝኛ የሚገባው የለም፤ አማርኛ ግን ከገበያውም ከኳሱም ሜዳ ሁላችንም ለቅመናል። ስለዚህ አባቴ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በአማርኛ ያስረዳል፣ በቤታችን ቋንቋ ይቆጣል። እኔም ተማሪው ነበርኩ። ክፍል ውስጥ "አባዬ" ማለት ክልክል ነው፣ "ቲቸር" ነው የምለው። አንድ ቀን የሁለት ቁጥሮች ድምር ሎግ የሎጎቻቸው ድምር ነው ብዬ ተሳስቼ ጽፌ፣ ሰሌዳው ፊት አቁሞኝ "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። እስከ ቤት እያለቀስኩ ሄድኩ። ቤት ስንገባ ምንም እንዳልተፈጠረ "እስቲ ውሃ ስጪኝ" አይለኝም! አቤት ያን ቀን የጠላሁት መጥላት!

ሎጋሪዝም እሱ ዘንድ ሦስት ሕግና አንድ ማስጠንቀቂያ ነው። ቤዝ ቁጥራቸው ተመሳሳይ የሆነ ሁለት ሎጎች ሲደመሩ፣ አንድ ሎግ ይሆኑና ውስጣቸው ይባዛል። ሲቀነሱ ውስጣቸው ይካፈላል። ውስጥ ያለ ፓወር ደግሞ ወደ ፊት ወጥቶ ማባዣ ይሆናል። በነዚህ ሕጎች የተበተነውን ሰብስበህ አንድ ሎግ ታደርገዋለህ፣ ሎጉን ታወልቀዋለህ፣ የቀረውን ተራ ኢኩዌሽን ትፈታለህ። "እስከዚህ ማንም ይደርሳል" ይላል አባቴ። ማስጠንቀቂያው ከዚያ በኋላ ነው። ሎግ ውስጥ ዜሮም ኔጋቲቭም አይገባም። ስለዚህ ያገኘኸውን መልስ ወደ መጀመሪያው ኢኩዌሽን መልሰህ ትከተውና ውስጡ ምን እንደሆነ ታያለህ፤ ውስጡ ኔጋቲቭ ከሆነ መልሱ ውድቅ ነው። "ኤክስን አትዩ" ይለን ነበር፣ "ውስጡን እዩ። የኤክስ መልክ ያታልላል።"

ወደ አገራችን ስንመለስ ስልሳን አልፎ ነበር። እናቴን እዚያው ካምፑ ዳር ቀብረናት ነው የመጣነው። ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን፤ እሱ ኮሎሎ ሰፈር ካለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሥራ አገኘ፣ ቀጥሎ እኔን አስገባኝ። ባሌን አትጠይቁኝ፤ ሄዷል፣ በቃ። እዚህ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አባቴ እንግሊዝኛውን ይችላል፤ ግን እንደ ክት ልብስ ነው፣ ያምርበታል እንጂ አይመቸውም። ቢሆንም ዓመታት አስተማረበት። ያቺ ሰኞ እስክትመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ክፍሉ ገብቼ "ቢሮ ይፈልጉሃል" ብዬ አወጣሁት።

"ምን ሆነሻል? ክፍለ ጊዜዬ መች አለቀ?"

"አባዬ፣ በአማርኛ እኮ ነው የምታስተምረው።"

"ታዲያ በምን ላስተምር ኖሯል?"

ከዚያ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ። ባንዲራውን አየ። በር ላይ የቆሙትን የቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌቶች አየ። ያኔ ገባው። ፊቱ ላይ የመጣው ድንጋጤ እስካሁን አንጀቴን ይበላኛል። ጠመኔውን ኪሱ ከተተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ማን ሰማ?" አለኝ። አርባ ልጅ ሰምቷል አባዬ። "ማንም" አልኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ስልኬ ጮኸ። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ስኳርና ዱቄት በጅምላ የሚሸጥ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ነው። "እህቴ፣ አትደንግጪ፣ ሽማግሌው እኔ ጋ ናቸው" አለኝ። አባቴ ወደ ቤት ልሂድ ብሎ ቦዳቦዳ ተሳፍሮ፣ ለነጂው ልጅ ምን እንዳለው እግዜር ይወቅ፣ ገበያው መሃል ወርዷል። ግንባሩ ላይ የአባቶቹ ምልክት ያለበት ሁለት ሜትር የሚሆን ሰውዬ፣ ተሸካሚዎቹን እያስቆመ "የካምፑ ትምህርት ቤት በየት በኩል ነው?" እያለ በአማርኛ ይጠይቃል። ነጋዴው ነው ሰምቶ ያስገባው። ስደርስ ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል። "ወላሂ ከኔ የጠራ አማርኛ ነው የሚናገሩት" አለ ሰውየው፣ ሊያጽናናኝ ብሎ። እኔ ግን ጮህኩበት። ነጋዴው ላይ ሳይሆን አባቴ ላይ። ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ "አንተ ሰውዬ ልትገድለኝ ነው የፈለግከው?" አልኩት። ጠባዬ እንደዚህ ነው፤ ስፈራ እቆጣለሁ። አባቴ ብርጭቆውን ለነጋዴው መልሶ "ይቅርታ ያድርጉልን፣ ልጄ ደክሟት ነው" አለው።

ወሬው ርዕሰ መምህሩ ጆሮ ገባ። ደግ ሰው ናቸው፣ ልዋሽ አልችልም፤ ራሳቸውም ሒሳብ ያስተማሩ ናቸው። ሁለታችንንም ጠሩን። "በሚመጣው ወር የመጀመሪያ ረቡዕ ክፍልዎ ገብቼ ከኋላ እቀመጣለሁ። ደህና ከሆነ ዓመቱን ከልጆቹ ጋር ይጨርሳሉ። ካልሆነ ግን፣ ማለሽ፣ ይቅርታ ኡስታዝ፣ ልጆቹ የመጨረሻ ፈተና አለባቸው" አሉት። አባቴ "ተገቢ ነው" አለ። ለአባቴ ያ ክፍል ጠዋት የሚነሳበት ምክንያት ነበር። ሸሚዙን የሚተኩሰው ለዚያ ነው፣ ጢሙን የሚላጨው ለዚያ ነው። ቤት ከዋለ ሚስቱ መሞቷንም አገሩ የትኛው እንደሆነም የሚያስታውሰው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ያችን ረቡዕ በምንም ይሁን በምን ማለፍ ነበረብን።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ትምህርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትላልቅ ፊደል በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ እጽፍለታለሁ፤ እሱ ወረቀቱን እያየ ሰሌዳው ላይ ይገለብጣል፣ የተጻፈውን ያነባል። ከወረቀቱ ካልወጣ ከእንግሊዝኛውም አይወጣም። በየቀኑ ከሥራ ስንመለስ በረንዳው ላይ እንለማመዳለን። የድሮ የቁም ሣጥን በር ግድግዳው ላይ አስደግፈን ሰሌዳ አድርገነዋል። እሱ ይጽፋል፣ እኔ ዝቅተኛዋ ወንበር ላይ ተቀምጬ አያለሁ። አንዳንዴ ምልክት ይዘላል፤ አንዳንዴ አንድ መስመር ጽፎ እሱኑ መልሶ ይጽፈዋል። አማርኛው ሲያመልጠው ሣጥኑን በእጄ አንኳኳለሁ።

"ተሳስተሃል አባዬ።"

"የቱ ጋ?"

"ወረቀቱን እይ። እንደገና።"

እስቲ ልናገረው፤ ካልተናገርኩት ይህን መጻፌ ምን ሊረባ። ደስ ይለኝ ነበር። ያ ክፍሉን ያሳቀብኝ ሰው ፊቴ ቆሞ "የቱ ጋ?" ሲለኝ፣ ልቤ ውስጥ የሆነች ትንሽ ልጅ እጇን ታጨበጭብ ነበር። ለእሱ ስል ነው የማደርገው፤ እውነት ነው። ግን ደስታውም እውነት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ይከራከረኝ ነበር። "የለም፣ ልክ ነኝ፣ አንቺ ነሽ ያላስተዋልሽው" ይላል፤ ሁለቴ ሦስቴ ልክ ሆኖም ተገኝቷል። ቀስ በቀስ መከራከር ተወ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ መስመር ከመጻፉ በፊት ጠመኔውን አንስቶ ዞር ብሎ ፊቴን ያይ ጀመር። ራሴን ስነቀንቅለት ነው የሚጽፈው። እኔ ሞኟ ደግሞ በመጨረሻ ሰማኝ ብዬ ተመስገን አልኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ለነገው የሚሆነውን ጥያቄ ራሱ መረጠ። መጽሐፍ አልገለጠም። "ሁለት ናቸው፣ መንትያ ናቸው" አለና ሣጥኑ በር ላይ ጻፋቸው። የመጀመሪያዋ ቤዝ ቁጥሯ ሁለት የሆነ፣ የኤክስ ሎግ ሲደመር የኤክስ ሲቀነስ ሁለት ሎግ፣ እኩል ይሆናል ሦስት። ሁለተኛዋም ያቺው ናት፤ ውስጧ ያለው ብቻ ምልክቱ ተገልብጧል፤ የኔጋቲቭ ኤክስ ሎግ ሲደመር የሁለት ሲቀነስ ኤክስ ሎግ፣ እኩል ይሆናል ሦስት። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ በራ። "ተመልከቺ፣ ውስጣቸውን ስታባዢው ሁለቱም እዚያው ኢኩዌሽን ላይ ነው የሚወድቁት። ሁለቱም አራትና ኔጋቲቭ ሁለት ይሰጡሻል። ተንኮሏ ግን..."

ሰማዩ ጠቁሮ ነፋሱ አቧራውን እያስነሳ ነበር። ገመድ ላይ ልብስ አለኝ፤ ለነገ የሚለብሰው ሸሚዝም እዚያው ነው። "ገብቶኛል አባዬ፣ ገብቶኛል፤ እኔ እጨርሰዋለሁ፤ አንተ ግባና ሱሪህን ምረጥ" አልኩት። ጠመኔውን አስቀምጦ ገባ። ልብሱን ሰብስቤ ተመለስኩና ሁለቱንም ፈትቼ በትልቁ ጻፍኳቸው። ዝናቡ ሲጀምር ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ነበር።

ረቡዕ አባቴ እንዴት አምሮበት ነበር! ርዕሰ መምህሩ የመጨረሻው ወንበር ላይ ደብተር ይዘው ተቀመጡ። እኔ ቀሪ የምቆጣጠር አስመስዬ የተማሪዎች ስም መዝገብ ይዤ በር ላይ ቆምኩ። በእንግሊዝኛ ጀመረ። አንዲት የአማርኛ ቃል አላመለጠችውም። የመጀመሪያዋን ፈታ፤ አራትን ተቀበለ፣ ኔጋቲቭ ሁለትን "ውስጡ አይፈቅድም" ብሎ ጣለ። ልጆቹን አሳቃቸው እንኳ። ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ብለው የሆነ ነገር ጻፉ። እኔ በሆዴ "አለፍን፣ አለፍን" እላለሁ።

ሁለተኛዋን ጀመረ። አባዛ፣ ሎጉን አወለቀ፣ ኢኩዌሽኑን ፈታ፣ አራትና ኔጋቲቭ ሁለትን ጻፈ። ከዚያ ቆመ። ወረቀቱን አየ። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየ። ቆይታው ረዘመና ክፍሉ መንሾካሾክ ጀመረ። ያኔ ቀና ብሎ በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ አየኝ። ጠፋበት ብዬ ደነገጥኩ፤ ራሴን እየነቀነቅኩ "ቀጥል፣ ቀጥል" አልኩት። ዞረና ኔጋቲቭ ሁለትን ሰረዘ፤ አራትን ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ያቺ ቀጭኗ አለቃ እጇን አወጣች። በትሕትና ነው የተናገረችው። "ኡስታዝ፣ አራትን ብናስገባ እኮ የሁለቱም ሎግ ውስጥ ኔጋቲቭ ይሆናል።"

ርዕሰ መምህሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። አባቴ ወረቀቱን ገለበጠው፣ ከጀርባው የተጻፈ ነገር እንዳለ ያህል፤ ከጀርባው ምንም የለም። ከዚያ ጠመኔውን ለልጅቷ ዘረጋላት። ወጥታ አስተካከለችው፤ ኔጋቲቭ ሁለት ሲገባ የአንደኛው ውስጥ ሁለት ይሆናል፣ የሌላው አራት፤ ሎጎቻቸው አንድና ሁለት ናቸው፤ ድምራቸው ሦስት። ልጆቹ አጨበጨቡላት። እኔ መዝገቡን ደረቴ ላይ አቅፌ ቀረሁ። የኔ ስሕተት ነው። ቸኩዬ፣ ኔጋቲቭ ስላየሁ ብቻ፣ እንደ መጀመሪያዋ መስሎኝ ጣልኩት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አታድርጉት ያለውን አንድ ነገር አድርጌ፣ በትልቁ ጽፌ፣ በእጁ አስያዝኩት።

ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ውስጥ የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ተናገሩት። ጥሩ አድርገው፣ በአክብሮት ነው የተናገሩት። "ብዙ ደክመዋል፤ አሁን ይረፉ" አሉት። አባቴ አመሰገናቸው። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜ ነበር። አፌን መክፈት እችል ነበር። አልከፈትኩም።

ራክሻ፣ ባጃጅ ማለቴ ነው፣ ልጥራ ስለው "በእግር እንሂድ" አለ። የኮሎሎን መንገድ ይዘን ወረድን፤ የውሃ ቦቴዎቹ አቧራውን እያለበሱን ያልፋሉ። ራሱን ይወቅሳል፣ እኔም አጽናናዋለሁ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። የማጽናኛ ቃል ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሁሉ፣ "ሁለተኛዋን አይቻት ነበር" አለኝ።

"ምኗን?"

"አራት አይገባም። ገና ከመጻፌ በፊት አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ጻፍከው?" ጮህኩ። መንገድ ላይ፣ አሁንም።

ቆም ብሎ በግርምት አየኝ። "ያንቺ ጽሑፍ ነው እኮ" አለ። "ቀና ብዬ ሳይሽም ቀጥል አልሽኝ። ሰሞኑን የምሳሳተው እኔ ነኝ፤ አሁንም እኔ ነኝ ብዬ ነው።"

ወቀሳ አልነበረበትም። ወቀሳ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፣ እከራከረው ነበር። ይቅርታ አባዬ፣ ልክ አንተ ነበርክ፣ ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ አሥር ቃል አይሞላም። እኔ ግን "ፀሐዩ በረታ፣ እንሂድ" ብዬ ክንዱን ያዝኩት።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ በእጃቸው የጻፉትን ደብዳቤ በኮምፒውተር እንድጽፈው ሰጡኝ። ለአባቴ ነው። ምስጋና አለበት፣ የአገልግሎት ዓመት አለበት፣ ከዚያ ደግሞ በትምህርት አሰጣጥ ላይ በታየ ስሕተት ምክንያት ከክፍል እንዲያርፉ ተወስኗል ይላል። በራቸው አምስት እርምጃ ነው። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ዛሬ ብናገር ነገ ሌላ ነገር ይረሳል፣ መቅረቱ አይቀርም አልኩ ለራሴ፤ ይህ ምናልባት እውነት ነው። ያስቀመጠኝ ግን ያ ምክንያት አይደለም። አፍሬ ነው። ያችን ልጅና ያን ክፍል አፍሬ ነው፤ ዳግመኛ ሰሌዳ ፊት መቆም ፈርቼ ነው። ደብዳቤውን እንዳለ ጻፍኩት፣ አስፈረምኩት፣ ማኅተም መታሁበት፣ ወደ ቤት ወሰድኩለት።

አባቴ በረንዳው ላይ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ ተቀምጧል። መነጽሩን አደረገና መስመር በመስመር፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ሲጨርስ አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ጎበዝ" አለኝ። "አንድም ስሕተት የለውም።"